መብራት ሲጠፋ የሚፈጥን ላፕቶፕ

ቱሉ ዲምቱ የምንኖር ሰዎች አንድ የማይለቀን አነጋገር አለን። መገናኛ ወይም ፒያሳ ጉዳይ ሲኖረን «ከተማ ልወጣ ነው» እንላለን። በወረቀት እኛም አዲስ አበባ ውስጥ ነን፤ አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ። ግን ሰልፍ ቆሞ፣ ታክሲ ቀያይሮ፣ አቧራ ለብሶ የሚደረስበት ቦታ «ከተማ» ካልተባለ ምን ሊባል ነው? ይህን ያነሳሁት ለወግ ብቻ አይደለም። የማወራችሁ የላፕቶፕ ታሪክ ከዚህ መንገድ ጋር የተቆራኘ ነው። እኔም የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ላፕቶፑ ያገለገለ ነው። ሻጩ «ስላይትሊ ዩዝድ» ብሎኝ ነበር፤ የኪቦርዱ ፊደላት ግማሹ ተፍቆ እያየሁት። አራተኛ ትውልድ ኮር አይ ፋይቭ ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋ ራም፣ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ። ኢንቴል ይህን ትውልድ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ዊንዶውስ 7 ተጭኖበት መጣ፣ እኔም እንደመጣ ያዝኩት። ሥራዬ ትርጉምና ጽሕፈት ነው። ውል፣ ውክልና፣ የትምህርት ማስረጃ። በዚያ ላይ የዕድራችን ጸሐፊ ነኝ። የሚሠራ ዕቃ አይነካም የሚል እምነት አለኝ፤ ለዓመታትም ሳልነካው ኖርኩ።

ነገሩ የመጣው በ2015 ዓ.ም ጥር ማለቂያ ላይ ነው። ጎግል ክሮም 110ኛ እትሙን ሲያወጣ ዊንዶውስ 7ን ተወው። የኔ 109 ላይ ቀረ። ማይክሮሶፍት ለተራው ተጠቃሚ የዊንዶውስ 7ን የደኅንነት ማሻሻያ ያቆመው ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በጥር 2012 ነበር። ያን ጊዜ ሰምቼ ዝም አልኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው እኔ የባነንኩት ዌብሳይቶቹ «ብሮውዘርህ አሮጌ ነው» እያሉ ሲነዘንዙኝ ነው።

መጋቢት ላይ ከተማ ወጣሁ። መገናኛ ካሉት ሕንፃዎች በአንዱ ውስጥ ከአንዲት ጠባብ ሱቅ፣ ዕድሜው ከሃያ ሁለት የማይበልጥ ልጅ ተቀበለኝ። «ፋዘር፣ ሌላ ጣጣ ውስጥ አይግቡ። ፋይሎትን ላውጣና ዊንዶውስ 10 ልጫንሎት» አለኝ። ፋዘር መባል የጀመርኩበትን ቀን አላስታውስም፤ ያመኛል ግን። ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ ሁልጊዜ ተሰክቶ ከሚኖረው ቻርጀር ጋር አገናኘውና ሥራውን ጀመረ። ይህችን ቻርጀር አትርሷት።

ከቀትር በኋላ አለቀ። አየሁት፣ ደህና ነው። ዊንዶው ሲከፍት ሲዘጋ አይንገራገጭም። ከፍዬ ወጣሁ። ከሕንፃው ሥር ባለ ሱቅ አምስት ሊትር ዘይት ገዛሁ፤ ባለቤቴ አደራ ብላኛለች። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» እያለ አራተኛ ሰው ሲጨምርብን ቦርሳዬን እግሬ ሥር አደረግሁ፣ የዘይቱን ጄሪካን ደግሞ ቦርሳው ላይ።

ቤት ገብቼ ሰካሁና ከፈትኩት።

ምን ልበላችሁ። ወርድን ተጭኜ ባለቤቴ ቡናውን ቆልታ ጨረሰች። ሞተ ስል ይነቃል፣ ነቃ ስል ያንቀላፋል። «ሀ» ብዬ ስጽፍ «ሀ» የምትመጣው አስባበት ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ የኔ እንቁላል ገና አስኳሉ አልረጋም። ከኛ ሰፈር ተነስቶ አዳማ የሚወርደው የፍጥነት መንገድ አለ። መኪኖቹ ሽው እያሉ ያልፋሉ፣ እኔ እዚህ አንድ ፎልደር እስኪከፈት ጣሪያ አያለሁ።

ጥፋተኛው ለኔ ግልጽ ነበር። ትናንት ዊንዶውስ 7 ነበር፣ ይሠራ ነበር። ዛሬ ዊንዶውስ 10 ነው፣ አይሠራም። ምን ምርመራ ያስፈልገዋል?

እንደዚያም ሆኖ ተመለስ ብዬ ገንዘብ ከማባክን በራሴ ልሞክር አልኩ። አዲስ የተጫነ ዊንዶውስ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ማሻሻያ ያወርዳል፣ ፋይሎችን ይመዘግባል፣ ዲፌንደር የሚባለው ጸረ ቫይረስ ሁሉን ይፈትሻል። ስለዚህ ሦስት ቀን ታገስኩት። የታገስኩት በስልኬ ሆትስፖት ስለነበር የወር ፓኬጄ በሁለት ቀን ተሟጠጠ። ለካ የስልክ ኢንተርኔት ስትጠቀሙ «ሚተርድ ኮኔክሽን» የምትለዋን ራሳችሁ ካላበራችኋት እሱ የቤት ዋይፋይ መስሎት እንደልቡ ነው የሚያወርደው። ሲነሳ አብረው የሚነሱትን ፕሮግራሞች አጠፋሁ። የሥሩን ክዳን ፈትቼ ፋኑን ጠረግሁ። የበጋውን የቱሉ ዲምቱ አቧራ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ከሙቀት ማስወጫው ላይ እንደ ፈትል የተጠቀለለ አውጥቻለሁ። ጩኸቱ ቀነሰ። ፍጥነቱ ያው ነው።

ፊደሉም ሌላ ራስ ምታት ነበር። የድሮ ፋይሎቼ አብዛኞቹ በኒያላ ፎንት የተጻፉ ናቸው። ዊንዶውስ 10 ላይ ኒያላ ከመጀመሪያው አብሮ አይመጣም፣ ኢብሪማ የሚባለው ይተካዋል። ገጹ ሁሉ ተዛነፈ። በአንድ ገጽ ያለቀ ውል ፊርማው ብቻውን ሁለተኛ ገጽ ላይ ተሰደደ። መድኃኒቱ ሴቲንግስ ውስጥ ኦፕሽናል ፊቸርስ ከሚለው ገብቶ የኢትዮጵያ ፊደል ተጨማሪ ፎንቶችን ማውረድ ነው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም ይላሉ። እኔ ጋ ስንት እንደፈጀ አትጠይቁኝ።

በመጨረሻ የማሽኑ ክፍሎች ምን ያህል እየሠሩ እንደሆነ የሚያሳየውን ታስክ ማናጀርን ከፈትኩ። ዲስክ የሚለው መስመር ቀልቶ 100 ፐርሰንት ይላል። አገኘሁህ አልኩ።

እውነትም አንዱ ችግር እሱ ነበር። የኔ ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 5,400 ጊዜ የሚሽከረከር ነው፤ በሰከንድ 90 ዙር ማለት ነው። ፈጣን ይመስላል። ግን ማንበቢያው የሚፈልገው ነገር ሥሩ እስኪደርስለት በአማካይ ግማሽ ዙር መጠበቅ አለበት፣ በዚያ ላይ ራሱ ከቦታ ቦታ መንቀሳቀሱ አለ። እዚህም እዚያም የተበተኑ ትናንሽ ፋይሎችን ሲለቅም በሰከንድ መቶ ያህል ቢያነሳ ነው። ዊንዶውስ 10 ደግሞ ከጀርባ ብዙ ትናንሽ ነገር የሚለቅም ስርዓት ነው። በሃርድ ዲስክ ፋንታ የሚገጠመው ኤስኤስዲ የሚሽከረከር አካል የለውም፤ በዚያው ሰከንድ በአሥር ሺዎች ያነሳል። አሮጌ ላፕቶፕ ያለው ሰው ምን ልግዛ ቢለኝ ዛሬም መልሴ ይኸው ነው፤ ከሁሉ በፊት ኤስኤስዲ።

ሁለተኛ ጊዜ ከተማ ወጣሁ። ልጁ ላፕቶፑን ከዚያችው ቻርጀር ጋር አገናኘና ከፈተው። ዲስኩ ቢያንቀራፍፈውም እኔ ቤት እንደሚያደርገው አይደለም። ሐኪም ቤት ደጃፍ ሲደርስ ትኩሳቱ የሚተወው ልጅ አይታችሁ አታውቁም? አፈርኩ። «ቤት እንዲህ አይደለም እኮ» አልኩት። «ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው ፋዘር» አለና ሳቀ። 240 ጊጋ ኤስኤስዲ ገጠመልኝ። ባትሪው ሞቷል መሰለኝ፣ ቤት «ፕለግድ ኢን፣ ኖት ቻርጂንግ»፣ ተሰክቷል ግን አይሞላም፣ ይለኛል ስለው ደግሞ ጥግ ላይ ያለችውን ምልክት አሳየኝ። እየሞላ ነው። ስወጣ ሙሉ ነበር።

ቤት ገባሁ፣ ሰካሁ። ሲነሳ እውነትም ፈጠነ። ከዚያ በኋላ ግን ያው መንፏቀቁ። ታስክ ማናጀርን አየሁ። ዲስኩ አሁን ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ሲፒዩው፣ ፕሮሰሰሩ ማለት ነው፣ 40 ፐርሰንት። ከ40 ዝቅ ይላል እንጂ ከ41 አያልፍም። ግማሽ እንኳ ያልሠራ ማሽን ምን ያደክመዋል? ለሁለት ሳምንት ዊንዶውስ 10ን ስረግም ከረምኩ።

አንድ ማታ የዕድሩን የአባላት መዝገብ ኤክሴል ላይ እየሞላሁ ነው። ልጄ አጠገቤ ወንበር ስባ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። መብራት ጠፋ። ከታች ያሉት ልጆች እንደልማዳቸው «ኧረ!» ብለው ጮኹ። ሻማ ፍለጋ ልነሳ ስል የስክሪኑ ብርሃን ስላለ ይቺን ረድፍ ልጨርስ ብዬ ቀጠልኩ።

«አባዬ» አለች ልጄ።

«አቤት።»

«ምን አደረግከው? ፈጠነ እኮ።»

እጄን አነሳሁ። እውነቷን ነው። ፊደሉ ከጣቴ እኩል ይወጣል። ወርድን ከፈትኩ፣ ወዲያው ተከፈተ። ዘጋሁት፣ መልሼ ከፈትኩት። ሁለታችንም በጨለማ ውስጥ ዝም ብለን አየነው። ላፕቶፕ በባትሪ ሲሠራ ባትሪ ለመቆጠብ ብሎ ፍጥነቱን ቢቀንስ ያባት ነው። መብራት ሲጠፋ ሲፈጥን ግን ተገላቢጦሽ ነው።

ብዙም ሳይቆይ መብራት መጣ። ሰፈሩ ሁሉ እልል አለ። ላፕቶፔ ሞተ።

አሁን ነገሩ ያዘኝ። ታስክ ማናጀር ውስጥ ፐርፎርማንስ የሚለው ገጽ ላይ ከሲፒዩው ግራፍ ሥር ስፒድ የሚል ቁጥር አለ። ፐርሰንቱን ሳፈጥ እሱን አይቼው አላውቅም። ልጄን «አንቺ ቁጥሩን አንብቢልኝ» አልኳትና ቻርጀሩን በእጄ ያዝኩ።

«ዜሮ ነጥብ ሰባ ስምንት።»

ነቀልኩት።

«ሁለት ነጥብ ሦስት። አይ፣ ሁለት ነጥብ አምስት።»

ሰካሁት።

«ዜሮ ነጥብ ሰባ ስምንት።»

ባለቤቴ ከማዕድ ቤት ብቅ ብላ «ምን ዓይነት ጨዋታ ነው?» አለች። አምስት ጊዜ ያህል ደጋገምነው። ገመዱን ወደ ግራ ሳጣምመው አንዴ 2.4 አለ፤ ስለቀው ተመለሰ።

የኔ ፕሮሰሰር መደበኛ ፍጥነቱ 1.9 ጊጋኸርዝ ነው፤ ሥራ ሲበዛበት እስከ 2.9 ይወጣል። ቻርጀር ስሰካበት 0.78 ላይ ይታሰራል። ያ 40 ፐርሰንትም አሁን ገባኝ። ታስክ ማናጀር ፐርሰንቱን የሚያሰላው ከመደበኛው ፍጥነት አንጻር ነው። 0.78 የ1.9 41 ፐርሰንት ነው። ማሽኑ ነፍሱ እስክትወጣ እየሠራ ነበር፤ እኔ ግማሽ ቀን ሥራ ፈትቷል ብዬ አማሁት።

ቀሪውን ቻርጀሩን ገልብጬ በማየትና በማንበብ ደረስኩበት። የኔ ዓይነት ላፕቶፕ ቻርጀር ጫፉ ክብ ነው፣ መሐሉ ላይ መርፌ የምታክል ቀጭን ዘንግ አለችው። ኤሌክትሪኩን የሚያመጡት ወፋፍራሞቹ ሽቦዎች ናቸው። ቀጭኗ ዘንግ ኃይል አትሸከምም፤ ወሬ ነጋሪ ናት። ቻርጀሩ ውስጥ ካለች ትንሽ ቺፕ ጋር ተያይዛ «እኔ ይህን ያህል ዋት የምሰጥ ቻርጀር ነኝ» ብላ ለላፕቶፑ ትነግረዋለች። ወሬው ካልደረሰው ላፕቶፑ የማያውቀው እንግዳ ቤቱ እንደገባ ይቆጥረዋል። ምናልባት ደካማ ቻርጀር ይሆናል፣ ብዙ ብስብበት ይቃጠላል ይልና ሁለት ነገር ያደርጋል። ባትሪውን አይሞላም። ፕሮሰሰሩን ያስራል። ገመዱ ሲነቀል እንግዳው ወጣ ማለት ነው፤ ይፈታዋል።

እንዲህ ሲሆን ላፕቶፑ ገና ሲነሳ፣ ዊንዶውስ ከመምጣቱ በፊት፣ ጥቁር ስክሪን ላይ ያስጠነቅቃል አሉ። የኔ አስጠንቅቆ አያውቅም። ባዮስ ውስጥ፣ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የላፕቶፑ የራሱ ማስተካከያ ውስጥ፣ ገብቼ ሳይ ማስጠንቀቂያው ጠፍቷል። የቀድሞ ባለቤቱ ይሁን ሻጩ፣ አንዱ ነዝንዞት አጥፍቶታል። ስላይትሊ ዩዝድ!

ቀጭኗ ሽቦ መቼ እንደተቆረጠች ማስረጃ የለኝም። ግን የገመዱን አንገት ስዳብሰው ከጫፉ ሁለት ጣት ወረድ ብሎ የተሰበረች ቦታ አለች፣ እንደ ጉልበት የምትታጠፍ። ቻርጀሩን ያን ቀን ቦርሳው የፊት ኪስ ውስጥ ጠቅጥቄው ነበር። ቦርሳው ላይ አምስት ሊትር ዘይት ነበር። ከመገናኛ እስከ ቱሉ ዲምቱ ደግሞ ስንት ጉድጓድ እንዳለ ቆጥሮ የጨረሰ ሰው የለም። ዊንዶውሱን ላስቀይር ባልሄድ ኖሮ ላፕቶፑ ባልዘገመ ነበር። ይህን ያህሉ እውነት ነው። እኔ ደግሞ ሁለት ሳምንት የተሳደብኩት ዊንዶውሱን እንጂ ዘይቱን አይደለም።

አንድ የማውቀው ሰው በስልክ መፍትሔ ሰጥቶኝ ነበር። ትሮትልስቶፕ የምትባል ነፃ ፕሮግራም አለች፤ አንዲት ሳጥን ላይ ያለውን ምልክት ስታነሳ እስሩ ይፈታል አለኝ። ይሠራል። ግን ያቺ የምታጠፋት ምልክት ፕሮሰሰሩ ከውጭ «ቀንስ» የሚል ትእዛዝ የሚቀበልባት መንገድ ናት። አንዳንዱ ማሽን ላይ ሌላው ክፍል ከመጠን በላይ ሲግልም የሚጮኸው በዚያው መንገድ ነው። ውሻው ጮኸ ተብሎ ውሻው አይታሰርም። ደግሞ ባትሪው አሁንም አይሞላም። ይቅርብኝ አልኩ።

ሦስተኛ ጊዜ ከተማ ወጣሁ። ቻርጀሩን ብቻ በፌስታል ይዤ።

«ፋዘር፣ ላፕቶፑስ?»

«እሱ ደህና ነው። የታመመው ይሄ ነው።»

ቴስተሩን አወጣ። «19.5 ቮልት። ልክ ነው እኮ» አለኝ። «መሐሏን መርፌ ሞክራት» አልኩት። ቴስተሩን ቢፕ ወደሚለው አዞረ። ወፍራሞቹ ላይ ሲያደርገው ቢፕ አለ። ገመዱን ከታች ላጥ አድርጎ ከቀጭኗ ሽቦ ጋር መርፌዋን ሲነካ ዝም። ሌላ ቦታ ሞከረ። ዝም። ወደኔ ቀና ብሎ «ያን ጊዜ ሁለቴም በኔ ቻርጀር ነው የሞከርነው» አለ። «አዎ» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ደስ ያለኝ ነገር፣ አልተከራከረም። የተሰበረውን አንገት ቆርጦ ጣለና አዲስ ጫፍ ሦስቱንም ሽቦ ለየብቻ እየበየደ ገጠመበት። ያስከፈለኝ ከኤስኤስዲው ጋር ሲተያይ የሻይ ነው። አዲስ ቻርጀር ልግዛ ይሆን ብዬው ነበር፤ «ኦርጅናል እያሉ የሚሸጡት ብዙው ውስጡ ቺፕ የለውም፣ ተመልሰው እዚሁ ነው የሚመጡት» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ላፕቶፑ በመብራትም በባትሪም አንድ ሆነ። ዊንዶውስ 10ን ይቅርታ አልጠየቅሁትም፤ መሳደቡን ግን ተውኩ። እንዲያውም ለመድኩት።

ስለምደው ደግሞ እሱም ጊዜው ደረሰ። ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ አቆመ። ተመዝግቦ አንድ ዓመት ማራዘም ይቻላል፣ እስከ ጥቅምት 2019። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል፤ የሚቀበላቸው የኢንቴል ፕሮሰሰሮችም በአብዛኛው ከስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ናቸው። የኔ አራተኛ ነው። በጓሮ በር ማስገባት ይቻላል ይባላል። እኔ በጓሮ መግባት አልፈልግም። ልጄ በዊንዶውስ ፋንታ የሚሠራ ሊኑክስ ሚንት የሚባል ስርዓት የተጫነበት ፍላሽ አመጣችልኝ። ምንም ሳይጫን ከፍላሹ ላይ ተነሳ፣ ዞር ዞር ብዬ አየሁት። ፊደላችን አምሮ ይነበባል። ግን የዕድሩ መዝገብ ሲከፈት አንዱ ረድፍ ትንሽ ተዛባብኝ፤ ገና እየተከራከርን ነው።

ለማንኛውም ራሙን ወደ 8 ጊጋ ላሳድገው ወስኛለሁ። ቅዳሜ ከተማ ልወጣ ነው። ማታ ቦርሳዬን ሳዘጋጅ ባለቤቴ ከማዕድ ቤት «ዘይት አልቋል፤ ስትመለስ ይዘህ ና» አለችኝ።

ቻርጀሩን ከቦርሳው አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ተውኩት። ልጁ የራሱ አለው።